ከ500 ግራም ዱቄት አንድ ዳቦ፦ የቤት ውስጥ አጋገር

ቤት ውስጥ የተጋገረ ዳቦ ሲበላሽ ጥፋቱ ወዲያው እርሾው ላይ ይለጠፋል። እርሾው ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ወይ ውሃው በዓይን ግምት ፈስሷል፣ ወይ ሊጡ እጅ ያዘ ተብሎ ዱቄት ሲነሰነስበት ቆይቷል፣ ወይ ደግሞ መመሪያው «አንድ ሰዓት» ስላለ ብቻ በቅጡ ኩፍ ሳይል ኦቨን ገብቷል። የመጀመሪያውን ሚዛን ይፈታዋል፤ ሁለተኛውን ትዕግሥት፤ ሦስተኛውን አንድ ጣት።

የሚከተለው አሠራር ለአንድ መካከለኛ ዳቦ ነው። አፉ 23 በ13 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን መጋገሪያ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉት

• የስንዴ ዱቄት፦ 500 ግራም
• ውሃ፦ 325 ግራም
• ጨው፦ 10 ግራም
• ፈጣን ደረቅ እርሾ፦ 5 ግራም (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ)
• ዘይት፦ 15 ግራም (አንድ የሾርባ ማንኪያ)
• ስኳር፦ 10 ግራም (ቢቀርም ዳቦ ይሆናል)

ውሃው በግራም የተጻፈው በስህተት አይደለም። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሚመዝን ሳህኑን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሁሉንም በአንድ ዕቃ መለካት ይቻላል፤ በየመሃሉ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ ብቻ ነው። በኩባያ መስፈር ያሳስታል። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። አራት ኩባያ ላይ ልዩነቱ 120 ግራም ይሆናል። ያው ውሃ አንዱን ሊጥ ለስላሳ፣ ሌላውን ደንዳና የሚያደርገው ይህ ነው።

ዳቦ ጋጋሪዎች መጠኑን የሚይዙት በመቶኛ ነው። ዱቄቱ ሁልጊዜ 100 ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ይሰላል። እዚህ ውሃው 65፣ ጨው 2፣ እርሾ 1 በመቶ ነው። 800 ግራም ዱቄት ካላችሁ 520 ግራም ውሃ፣ 16 ግራም ጨውና 8 ግራም እርሾ ትወስዳላችሁ። 65፣ 2፣ 1ን በቃሉ የያዘ ሰው ወረቀት አያገላብጥም።

ዱቄቱን ስትመርጡ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የፕሮቲን መጠን እዩ። ከ100 ግራም ውስጥ ከ11 እስከ 13 ግራም ያለው ለዳቦ ይሆናል። ለኬክ ተብሎ የሚሸጠው ከዚህ ያነሰ ስለሆነ ሊጡ የተነፋውን አየር አይሸከምም። ግማሹን ገለባው ባልወጣለት ሙሉ ዱቄት መተካት ከፈለጋችሁ ከ25 እስከ 40 ግራም ውሃ ጨምሩ፤ ገለባው ውሃ ይጠጣል። ዳቦው ከነጩ ዝቅ ብሎ ቢወጣ አትደንግጡ፤ የገለባው ስብርባሪ ሊጡን ስለሚቆራርጠው እንደዚያ መሆኑ ያለ ነው።

እርሾና የውሃው ሙቀት

ፈጣን ደረቅ እርሾ በቀጥታ ዱቄቱ ላይ ይጨመራል። ጠጠር ጠጠር የሚለው ተራ ደረቅ እርሾ ግን መጀመሪያ ከ38 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ አለበት፤ መጠኑም 6 ግራም ገደማ ይሁን። የሚዘፈዘፍበት ውሃ ከ325 ግራሙ ላይ የሚቀነስ ነው እንጂ ተጨማሪ አይደለም። ትኩስ (እርጥብ) እርሾ ከሆነ ያላችሁ የፈጣኑ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 15 ግራም ያስፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር የእነዚህ ምትክ አይሆንም፤ ሥራው ሌላ ነው።

ተከፍቶ የቆየ እርሾ ካጠራጠራችሁ 500 ግራም ዱቄት ከማባከን በፊት ፈትኑት። 100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በጥብጡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወፍራም አረፋ ካልሸፈነው ጣሉት። አረፋ ከሠራ ግን የተከፈተውን ፓኬት አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ።

እርሾ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል። ሆኖም ለብ ካለ በላይ የሞቀ ውሃ እርሾውን ባይገድለውም ሊጡን ያጣድፈዋል፤ የተጣደፈ ሊጥ ጣዕም የለውም። ሊጡ ታሽቶ ሲያልቅ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የውሃውን ሙቀት እንዲህ አስሉት፦ 25ን በ3 አባዙ፣ ከ75 ላይ የክፍሉንና የዱቄቱን ሙቀት ቀንሱ። ሁለቱም 20 ዲግሪ ከሆኑ ውሃው 35 ይሆናል፤ ሁለቱም 28 ከሆኑ 19። በሞቃት ቀን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚፈለገው፤ ብዙ ሰው ግን ከልማድ የተነሣ ሁልጊዜ ያሞቃል። በማሽን የምታቡኩ ከሆነ ፍትጊያው ራሱ ስለሚያሞቀው ከውጤቱ ላይ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀንሱ።

ማቡካት

ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ስኳሩንና ጨውን ሰፊ ሳህን ውስጥ ደባልቁ። ጨው እርሾ ይገድላል የሚባለው ለዚህ አያሰጋም፤ ዱቄት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢነካካ ምንም አይሆንም። እርሾውን ጨው በበዛበት ውሃ መዘፍዘፍ ግን አይገባም።

ከውሃው 25 ግራሙን ለብቻ አስቀሩና ሌላውን ከዘይቱ ጋር ጨምሩ። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ በእጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ አዋህዱ። ታች የቀረ ዱቄት ካለ ያስቀራችሁትን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። አሁን ሊጡ ቡጭቅጭቅ ያለ፣ ሸካራና ሲጎትቱት የሚበጠስ ነው። ክደኑትና 20 ደቂቃ ተዉት።

ይህችን 20 ደቂቃ አትዝለሏት። ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ይጨርሳል፤ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያስተሳስረው ግሉተንም ማንም ሳይነካው መያያዝ ይጀምራል። ስትመለሱ ያ ቡጭቅጭቅ ሊጥ ለስልሶ፣ ሳይበጠስ ሲለጠጥ ታገኙታላችሁ። የማሸቱ ግማሽ ተሠርቷል ማለት ይቻላል።

ማሸት

ሊጡን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ዱቄት አትነስንሱ። አንጓችሁ አጠገብ ባለው የመዳፍ ክፍል ወደ ፊት ግፉት፣ ጫፉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት፣ ሩብ ዙር አዙሩት፤ እንደገና ግፉት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይህንኑ ደጋግሙ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ሊጡ ጣት ላይ ይለጠፋል። ዳቦ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ሳያውቀው ወደ ዱቄቱ ይሄዳል። 50 ግራም ዱቄት ቢነሰነስ የውሃው መጠን ከ65 ወደ 59 በመቶ ይወርዳል፤ ዳቦው ደርቆና ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል። ዱቄት መነስነስ እጅን ደስ ያሰኛል እንጂ ዳቦውን አይጠቅምም። ይልቅ እጃችሁን ዘይት ቀቡ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን በፕላስቲክ መፋቂያ እየሰበሰባችሁ ቀጥሉ። አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ሊጡ በራሱ ጊዜ ጠረጴዛውን መልቀቅ ይጀምራል።

መብቃቱን ለማወቅ የእንቁላል ያህል ቆንጥራችሁ በሁለት እጅ ጣቶች መካከል እያዟዟራችሁ ቀስ ብላችሁ ለጥጡት። ሳይቀደድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ በቅቷል። ገና ሳይሳሳ ከተቀደደ ሁለት ደቂቃ እሹና እንደገና ሞክሩ። የተቀደደበትን ጠርዝም ተመልከቱ፤ ሸካራና የተጎራረደ ከሆነ ገና ነው፣ ክብና ለስላሳ ቀዳዳ ከሆነ ደርሷል።

ክንዳችሁ የማይችል ከሆነ ማሸቱን ተዉትና በማጠፍ ተኩት። ሊጡን እሳህኑ ውስጥ እንዳለ በእርጥብ እጅ ከአራቱም በኩል እየሳባችሁ ወደ መሃል እጠፉት፤ ይህን በየ30 ደቂቃው ሦስት አራት ጊዜ ብታደርጉ ውጤቱ ከታሸው አያንስም። ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ኩፍታ

ሳህኑን ዘይት ቀብታችሁ ሊጡን አድቦልቡላችሁ አስቀምጡ፤ ላዩ እንዳይደርቅ ክደኑት። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ20 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። የምትጠብቁት እጥፍ መሆኑን ነው። ክብ ሳህን ውስጥ እጥፍን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ተጠቀሙና ሊጡ ያለበትን ልክ በላስቲክ ወይም በብዕር ምልክት አድርጉ። ቤቱ ከቀዘቀዘ ኦቨኑን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡት።

ቸኩላችሁ ካልሆነ በስተቀር ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይመረጣል። እርሾውን ወደ 2 ግራም ቀንሱ፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አቡኩ፣ በደንብ ከድናችሁ 4 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አቆዩት። በዝግታ የቦካ ሊጥ በሁለት ሰዓት የደረሰው የማያገኘውን ጣዕም ያገኛል። ጠዋት እንደቀዘቀዘ ይቀረጻል፤ ሁለተኛው ኩፍታ ግን ሊጡ እስኪሞቅ ድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ቅርጽ ማስያዝ

ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ገልብጡና በመዳፍ ጫን ጫን እያደረጋችሁ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ወደሚሆን አራት ማዕዘን ዘርጉት። እየተሰበሰበ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ክደኑትና 10 ደቂቃ አሳርፉት፣ በኋላ ይታዘዛል። የላይኛውን ሲሶ ወደ መሃል፣ የታችኛውን በላዩ እጠፉ። ከዚያ ከረጅሙ ጎን ጀምራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ በየጥቅሉ ሊጡን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ጎተት አድርጉት። መጋጠሚያውን ቆንጥጣችሁ ዝጉና ወደ ታች አድርጋችሁ ዘይት የተቀባው መጋገሪያ ውስጥ አስገቡ። የላዩ ቆዳ እንደ ተነፋ ኳስ ወጠር ማለት አለበት። ልል ሆኖ የተጠቀለለ ሊጥ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ውስጡም ዋሻ ይሠራል።

ሁለተኛው ኩፍታና የጣት ፈተና

ከ40 እስከ 60 ደቂቃ፣ ወይም መሃሉ ከመጋገሪያው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ እስኪል። ከዚያ በፊት ግን ከ30ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ በጣት ፈትኑ። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫን አድርጋችሁ አንሱት።

ጉድጓዱ ወዲያው ተስፈንጥሮ ከሞላ ገና ነው፤ 10 ደቂቃ ጨምሩለት። ቀስ እያለ ተመልሶ ትንሽ ምልክት ከተወ አሁኑኑ ይግባ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። ያለፈበት ሊጥ ኦቨን ውስጥ ይተኛል እንጂ አይነሣም። ይህ ሲያጋጥም አውጡት፣ አየሩን አስወጥታችሁ እንደገና ጠቅልሉትና በድጋሚ ኩፍ ይበል፤ በዚህኛው ዙር ከበፊቱ ስለሚፈጥን ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ኦቨኑ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ስላለበት ሊጡ ይደርሳል ብላችሁ ከምታስቡት 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ በ220 ዲግሪ ለኩሱት። አየር የሚያዟዙር ማራገቢያ ካለው 200 ይበቃል። የኦቨን ቁልፍ ላይ ያለው ቁጥርና የውስጡ እውነተኛ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢለያይ አይገርምም፤ ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጡ ማንጠልጠል ብዙ ጥርጣሬ ይቆርጣል።

መጋገር

ከታች ባለው መደርደሪያ ባዶ የብረት ትሪ አስገብታችሁ አብሮ ይጋል። ሊጡን በስለታም ምላጭ ቁመቱን ተከትላችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አንድ መስመር ሰንጥቁት። እጅ ካመነታ ሊጡ ይጎተታል፤ በአንድ ፈጣን ምት ይሁን። ዳቦውን አስገቡና የጋለው ትሪ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ቶሎ ዝጉ። እንፋሎቱ ፊትና ክንድ ስለሚያቃጥል ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ውሃው የኦቨኑን መስታወት እንዳይነካም ተጠንቀቁ። የእንፋሎቱ ሥራ የሊጡ ቆዳ ቶሎ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው፤ ዳቦው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደልቡ ይነፋል፣ ቅርፊቱም ያበራል።

ከ15 ደቂቃ በኋላ ውሃ የቀረ ከሆነ ትሪውን አውጡ፣ ሙቀቱን ወደ 195 ዝቅ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቀጥሉ። ላዩ ውስጡን ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

መብሰሉን ለማወቅ ታቹን አንኳኩቶ የባዶ ዕቃ ድምፅ መስማት የቆየ ዘዴ ነው፤ ጆሮ ግን ያታልላል። የምግብ ቴርሞሜትር መሃሉ ድረስ ሲገባ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዳቦው ውስጥ እርጥብ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ 96ን የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን ድርቅ አድርጎ ያወጣዋል። በከፍታ ቦታ ከ88 እስከ 90 ሲደርስ በስሏል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነም ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ እርሾውን በሩብ ቀንሱ፣ ዱቄቱም ደረቅ ስለሚሆን ከ10 እስከ 15 ግራም ውሃ ጨምሩ።

ማብረድና ማስቀመጥ

ዳቦው እንደወጣ ከመጋገሪያው አውጥታችሁ የሽቦ ፍርግርግ ላይ አድርጉት። ውስጡ ከተተወ በራሱ እንፋሎት ታቹና ጎኑ ይርሳል። ከመቁረጣችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ። ትኩሱን መቁረጥ እንደሚያጓጓ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የውስጡ ስታርች ገና አልረጋምና ቢላው ላይ ይጣበቃል፣ ሲቀመስም የበሰለው ዳቦ ሊጥ ሊጥ ይላል። ስንቱ ደህና ዳቦ «ጥሬ ነው» ተብሎ ወደ ኦቨን እንደተመለሰ!

ፍሪጅ ዳቦ ያደርቃል። ስታርቹ ቶሎ የሚጠጥረው በፍሪጅ ሙቀት ላይ ነው። በጨርቅ ጠቅሎ ውጭ ማስቀመጥ ለሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፤ የተረፈው ተቆራርጦ ፍሪዘር ይግባ። የደረቀውን ውሃ ረጨት አድርጋችሁ በ180 ዲግሪ 8 ደቂቃ ብታሞቁት ይለሰልሳል፣ በዚያው ቀን ከተበላ።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

ጥቅጥቅ ብሎ የከበደ ዳቦ፦ ዱቄት በዝቶበታል ወይም ኩፍታው አልበቃም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጎኑን እዩ፤ ቅርፊቱ ስንጥቁን ትቶ በጎን በኩል ከፈነዳ ኩፍታው ነው ያነሰው። ውስጡ የነበረው ጉልበት መውጫ ፈልጎ ነው የቀደደው።

መሃሉ የሰመጠ፦ ኩፍታው አልፎበታል፣ አለዚያም ሳይበስል ወጥቷል።

ከቅርፊቱ ሥር ትልቅ ዋሻ፦ ጥቅሉ ልል ነበር፣ ወይም ሊጡ ሳይከደን ላዩ ደርቆ ነው የተጠቀለለው።

ገርጥቶ አልቀላ ያለ ቅርፊት፣ አብሮትም የመኮምጠጥ ወይም የአልኮል ሽታ፦ እርሾው ረጅም ጊዜ ቆይቶ ቅርፊቱን የሚያቀላውን ስኳር ጨርሶታል። ሽታ ሳይኖረው ከገረጣ ግን ኦቨኑ አልጋለም።

ሊጡ ያለወትሮው በፍጥነት ኩፍ ብሎ፣ እጅ ላይ እንደ ሙጫ ከተለጠፈ ጨው ተረስቷል። ጨው እርሾውን ይገታል፣ ግሉተኑንም ያጠብቃል። ከመጀመሪያው ኩፍታ በኋላ እንኳ ቢታወስ 10 ግራሙን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ሊጡ ውስጥ እሹት፤ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲታሽ ይመጠዋል። ኦቨን ከገባ በኋላ ከታወሰ ግን መላ የለውም፤ ጨው ያለው ቅቤ ወፈር አድርጎ መቀባት ነው።